መምህርት ጥሩወርቅና በጋሪ የመጣው ቤት

መምህርት ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የሰማሁት ዳንግላ ውስጥ በማሠራው ቤት ጣሪያ ላይ ቆሜ ነው። ስልኬ ጠራ። ፋንታዬ ነበረች፤ እንጅባራ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ክፍል አብራኝ የተማረች፣ አሁን እዚያው የምታስተምር።

«የት ነህ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ።»

«ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከሆንክ ውረድና ደውልልኝ» ብላ ዘጋችው።

መሰላሉን ይዤ ስወርድ ገብቶኝ ነበር። ስደውልላት እያለቀሰች ነው ያነሳችው። አናጢው ፊቴን አይቶ መዶሻውን አስቀመጠና «ማን ሞተብህ?» ሲል ጠየቀኝ። «አስተማሪዬ» አልኩት። «ነፍስ ይማር። እኔ እኮ የሥጋ ዘመድ መስሎኝ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፈረድኩበትም። እሱ ስንት አስተማሪ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። እኚህን ግን አያውቃቸውም። ያን ቀን ቆሜ ልነግረው ያልቻልኩትን እዚህ ልጻፈው።

መምህርት ጥሩወርቅ የዳንግላ ገጠር ልጅ ነበሩ። እናታቸው አዊኛ፣ አባታቸው አማርኛ ስለሚናገሩ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ያውቁታል፤ ሲናደዱ ግን አዊኛው ይቀድማቸዋል። አዲስ አበባ የሕንፃ ዲዛይን ተምረው፣ እዚያው ብዙ ዓመት ፎቅ ሲነድፉ ኖረው፣ ፀጉራቸው መሸበት ሲጀምር ነው እንጅባራ መጥተው ማስተማር የጀመሩት። ለምን ተመለሱ ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ አንድ መልስ ነበር የሚያገኘው።

«አዲስ አበባ ቤት የምሠራላቸውን ሰዎች አላውቃቸውም ነበር። የማላውቀው ሰው የቱ ጋ እንደሚበርደው በምን አውቃለሁ?»

አጭርና ቀጭን ነበሩ። በጋም ክረምትም ጥቁር ቦት ጫማ ያደርጋሉ፣ ከላይ የወንድ ኮት ይደርባሉ። በኮቱ ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ በጨርቅ የተጠቀለለ የተቀቀለ ድንች አይጠፋም። ትምህርቱ መሀል ላይ ድንቹን አውጥተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ይልጡታል። ያኔ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ምክንያቱም ድንቹ ተልጦ ሲያልቅ ዘወር ብለው አንዳችንን በስም ጠርተው ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄያቸው ደግሞ ከደብተር ላይ የሚገኝ መልስ የለውም።

ቁጡ ነበሩ። አንዱ ተማሪ የባሕር ዳርቻ ቪላ ከስልኩ ላይ ገልብጦ ንድፍ ብሎ አመጣላቸው። ተቀብለውት ወደ ግቢው ወጡና ወረቀቱን ዝናቡ ላይ ዘረጉት። ቀለሙ እየፈሰሰ ሲወርድ ከልጁ ጋር ቆመው አዩት። «አየህ፣ ከእኛ ዝናብ ጋር አልተዋወቀም» አሉት። ልጁ ተቀየማቸው፤ ስንት ቀን ሙሉ ሰላምታ ነሳቸው። በኋላ ራሳቸው መኝታ ክፍሉ ድረስ ሄደው «እኔም አብዝቼዋለሁ፤ ና እንደ ገና እንጀምረው» ብለው ይዘውት መጡ። እንዲህ ነበሩ፤ ይቆጣሉ፣ ግን ያስቀየሙትን ሰው ትተው አይሄዱም።

ዘመናዊ የቤት ዲዛይን የሚባለውን ትምህርት የጀመርን ቀን ሁላችንም የጠበቅነው መስታወትና ሴራሚክ ነበር። እሳቸው ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር እንኳ ሳያሰምሩ «ቅዳሜ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሉን። «እናታችሁ ቀን ቀን የት እንደምትቀመጥ እዩ። ለምን እዚያ እንደምትቀመጥ ጠይቋትና ኑ።»

ሳቅን፤ ግን ሄድን። እናቴ ዳንግላ ሁልጊዜ በር ጥግ ተቀምጣ ነው ምስር የምትለቅመው። ስጠይቃት «ብርሃኑ ያለው እዚህ ነው፤ ዓይኔ ደክሟል» አለችኝ። በበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ጉልበቷን እንደሚያማት ስትናገር ስንት ዘመን ሰምቻለሁ። ሁለቱን ነገር አንድ ቀን አገናኝቼ አስቤው አላውቅም።

ሰኞ ይህንን ክፍል ውስጥ ስናገር መምህርት ጥሩወርቅ ድንቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ታዲያ እናትህን ጉልበቷን ያመማት ምን ጎድሏት ነው?»

ትንሽ አሰብኩና «መስኮት» አልኩ።

«የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው» አሉ። «የታሰበበት ቤት ሁሉ ዘመናዊ ነው፣ የጭቃም ይሁን። ያልታሰበበት ቤት ወርቅ ቢለብስም ያረጀ ነው።»

ያን ዓመት ለፋሲካ ቤት ስሄድ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ግድግዳ ቀድዶ መስኮት ማውጣት ነበር።

ትልቁ ሐሳባቸው ግን ተገጣጣሚ ቤት ነው። የአገራችንን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይረዳቸዋል። እንጅባራ ላይ ከግንቦት ጀምሮ ሰማዩ ዝቅ ይላል፤ ጭቃ አይደርቅም፣ ምርጊት አይይዝም። በክረምት ቤቱ የፈረሰበት ሰው ኅዳር እስኪመጣ የሰው ጥገኛ ሆኖ ይከርማል። «ዝናቡን ማስቆም አንችልም» ይሉን ነበር። «ሥራውን ግን ከዝናቡ ማስጠለል እንችላለን።» ግድግዳው፣ በሩ፣ መስኮቱ፣ የጣሪያው እንጨት ሁሉ በወርክሾፕ ውስጥ ተሠርቶ ያልቃል፤ ከዚያ ተጭኖ ሄዶ ቦታው ላይ ይገጣጠማል። ሌላ አገር በትልልቅ ማሽን የሚሠራውን እሳቸው በባሕር ዛፍና በአዊ ቀርከሃ ሊሠሩት ፈለጉ።

እያንዳንዱን የግድግዳ ቁራጭ ፓነል እንለዋለን። የፓነሉን ስፋት ሲወስኑ እኛን አስከትለው ገበያ ወረዱና የፈረስ ጋሪ ለኩ። ባለ ጋሪው ጋሪውን ሊገዙት የመጡ መስሎት ዋጋ ሲጠራላቸው «ጋሪህን አይደለም፣ ስፋቱን ነው የምፈልገው» አሉት። ለእኛ ደግሞ «መኪና መንገድ ከሚያልቅበት በኋላ ቤቱን የሚያደርሰው ፈረስ ነው። ፈረስ የማይጎትተውን ቤት አልነድፍም» አሉን።

የመጀመሪያው ቤት በኮሌጁ ግቢ የቆመው እኛ አንደኛ ዓመት ሳለን፣ በጋ ላይ ነው። እንግዶች ተጠርተው እነሱ እያዩ ተገጣጠመ። ጠዋት ባዶ መሬት የነበረው ከሰዓት በኋላ በርና መስኮት ያለው ቤት ሆነ፤ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ክረምት ገባ። ፓነሎቹ ውኃ ጠጥተው አበጡ። በሩ አልዘጋ አለ፣ መስኮቱ አልከፈት አለ፤ በየመገጣጠሚያው ውኃ ገባ። ከተማው «የካርቶን ቤት» ብሎ ስም አወጣለት።

ስብሰባ ተጠራ። ሠርተነው ስለነበር እኛ ተማሪዎቹም ኋላ ተቀምጠን ሰማን። ከመምህራኑ አንዱ «የባሰ ሳያሳፍረን ይፍረስ» አለ። ሌላው ጥፋቱን አናጢው ላይ ጣለው። መምህርት ጥሩወርቅ ተነሡ።

«አናጢው እንዳዘዝኩት ነው የሠራው» አሉ። «እንጨቱ ሳይደርቅ ለምረቃው ይድረስ ብዬ የቸኮልኩት እኔ ነኝ። መገጣጠሚያውን የበጋ አድርጌ የነደፍኩትም እኔ ነኝ። ቤቱ ግን አይፍረስ። እኔ ልግባበት።»

የኮሌጁ ዲን ደግ ሰው ነበሩ፤ አዘኑላቸው። «ቲቸር፣ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ገብተው ምን ሊሆኑ ነው?»

«ሰው ይኑርበት ብዬ አይደል የሠራሁት? ሌላውን ሰው ላኖርበት ያሰብኩትን ቤት እኔ ምን ሆኜ ነው የማልኖርበት?»

በዚያው ሳምንት የተከራዩትን የብሎኬት ቤት ለቀው ገቡ። ባል አልነበራቸውም፤ አንዲት ልጃቸው ባሕር ዳር ትኖራለች። እቃቸው ትንሽ ነበር፤ እኛው ተሸክመን ጨረስነው። መጀመሪያ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ከጀርባቸው ይሳሳቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን ገበያ ውለው ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ገብተው ረጋ ብለው «የካርቶን ቤት አድርሰኝ» ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው ላይ መሳቅ ብዙ አይቆይም።

ሁለት ክረምት እያፈሰሰባቸው ኖሩበት። ቀን ላይ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ክፍል ድረስ ሰው ይልኩብናል፤ «እንግዳ ገብቶብኛል፣ ኑ ተቀበሉልኝ» ይላሉ። እየሮጥን ስንሄድ ግድግዳው ሥር ተንበርክከው በእጃቸው እየዳበሱ እናገኛቸዋለን። ጠብታው ከየት ተነሥቶ በየት እንደ መጣ፣ ለምን እዚህ ጋ ገብቶ እዚያ ጋ እንዳልገባ ያሳዩናል። አንዳንዴ ብርዱ አስሏቸው መናገር ያቅታቸዋል። ፋንታዬ አንድ ቀን አላስችል ብሏት «ቲቸር፣ ይህን ሁሉ በሥዕል ሊያስተምሩን አይችሉም?» ብትላቸው፣ «በሥዕል እኮ ተሳስቼ ነው እዚህ ያለሁት» አሏት።

መፍትሔው የተገኘው በገበያ ቀን ነው። ዝናብ ጥሎ ሁሉም ቆርቆሮ ሥር ሲጠለል፣ አንድ ገበሬ ከሣር የተሠራ ገሳውን ከራሱ ላይ ደፍቶ ያለ አንዳች ችኮላ በጎቹን እየነዳ አለፈ። መምህርት ጥሩወርቅ ከተጠለሉበት ወጥተው እየተከተሉት ገሳውን ያዩት ጀመር። ሰውየው ዘወር ብሎ «እመቤቴ፣ ምን ፈለጉ?» ሲላቸው «ምንም። ሂድ፣ ልይህ» አሉት። በስብሰው ተመለሱ፤ ዓይናቸው ግን ያበራ ነበር። ገሳ ውኃን ታግሎ እንደማያቆመው፣ የላዩ ሣር የታቹን እየሸፈነ አንሸራቶ እንደሚያወርደው ነገሩን። እኛ ግን መገጣጠሚያውን ጠቅጥቀን ዘግተን ውኃን ስንታገል ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንሠራው ፓነል ሁሉ የላይኛው የታችኛውን፣ የቀኙ የግራውን እንዲሸፍን ሆነ፤ ከጀርባውም ነፋስ የሚያልፍበት ትንሽ ክፍተት ተውንለት። እንጨቱንም ቢያንስ አንድ በጋ በመጠለያ ሥር ሳናደርቅ አንነካውም ነበር። በሦስተኛው ክረምት የካርቶን ቤቱ እንግዳ አልገባበትም።

ይህ ሁሉ ግን በኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነው። የሰው ቤት የሠራነው ለእማማ ደብሬ ነበር።

እማማ ደብሬ ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ባለች መንደር ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አሮጊት ናቸው። ሰኔ መግቢያ ላይ ነፋስ የጣለው ባሕር ዛፍ ቤታቸው ላይ ወደቀ። እግዜር ሲያተርፍ ሁሉም ደጅ ነበሩ። መንደርተኛው በወንፈል ተሰባስቦ ሊሠራላቸው ፈቃደኛ ነበር፤ ግን ከዝናቡ በፊት ማንም አይደርስም። «ኅዳር ይምጣ» ተባለ። እሳቸው ከነልጆቹ የጎረቤት እህል ማስቀመጫ ውስጥ ገቡ። ፋንታዬ የዚያ መንደር ልጅ ናትና ወሬውን ክፍል ውስጥ አመጣችው። መምህርት ጥሩወርቅ ያን ቀን ድንች አልላጡም።

ቅዳሜ ጭቃውን እየሰነጠቅን ሄድን። እማማ ደብሬ ሐሳባችንን ሲሰሙ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ መምህርት ጥሩወርቅ ሳቁ። እኔ እንዳልገባኝ አይተው አሮጊቷ በአማርኛ ደገሙልኝ።

«ቤት እንደ በግ ተነድቶ አይመጣም ነው ያልኳት።»

«እኛ እናመጣዋለን፣ እማማ» አሉ መምህርት ጥሩወርቅ። «እርስዎ ብቻ እንዴት እንደሚኖሩ ይንገሩን።»

ረጅም ሰዓት አወሩ። ላሚቱ የት እንደምታድር፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁለቱ አልተግባቡም። እማማ ደብሬ በሩ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ይዙር አሉ። ዝናቡ የሚመጣው ደግሞ ልክ ከዚያው በኩል ነው።

«በሩ ይበሰብሳል፣ እማማ» አሉ መምህርት ጥሩወርቅ። «ዝናቡ በፊት ለፊት ነው የሚመታው።»

«ይበስብሳ። እኔስ እየበሰበስኩ አይደል?» አሉ አሮጊቷ። «ጉልበቴ እስከዚያ አላደርስ ካለኝ ቆየ። ጠዋት በሬን ከፍቼ ቆሜ ነው የምሳለመው። ያን ካጣሁ በሌላው ነገር ምን ላደርግ ነው?»

መምህርት ጥሩወርቅ መለሱላቸው፣ እሳቸውም መለሱ፤ ሁለቱም ግትር ናቸው። ሳንስማማ ተመለስን። ሰኞ ጠዋት ግን ወርክሾፕ ስንገባ ቀድመውን ገብተው ንድፉን አጥፍተውታል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«በሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይዙር» አሉን። «እኔ ቤቱን ከዝናብ ላድን ስል ከባለቤቱ ልወስደው ነበር። ዝናቡን እንችለዋለን።» በሩን ወደ ውስጥ ገባ አደረጉት፤ ከፊቱ ጥልቅ በረንዳ ሰጡት፤ አሮጊቷ ሳይረጥቡ ቆመው እንዲሳለሙ።

ውጭ ዝናቡ ሲወርድ እኛ በወርክሾፑ ጣሪያ ሥር ቤት ሠራን። ለሌላ ሥራ የደረቀ እንጨት ነበር፤ ለምነው አስፈቀዱት። ጭቃ የሚረግጥ፣ ፀሐይ የሚጠብቅ የለም። እያንዳንዱ ፓነል ሲያልቅ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን ያስጠጉበታል፤ ካልጣማቸው አይናገሩም፣ አንገታቸውን ብቻ ይነቀንቃሉ፤ እኛም እንፈታዋለን።

የመግጠሚያው ቀን ንጋት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ቤቱ እስከ ግምጃ ቤት በአይሱዙ ሄደ፤ ከዚያ በፈረስ ጋሪዎች ላይ ተጫነ። ጋሪዎቹ ተከታትለው በጭቃው መንገድ ሲገቡ፣ አንደኛው በር፣ አንደኛው መስኮት፣ አንደኛው ግድግዳ ጭኖ፣ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ቆመ። ጋሪው የማይደርስበትን እኛ ተሸከምነው። የድንጋዩን መሠረት የመንደሩ ሰዎች አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር።

ምሰሶዎቹን አቁመን የመጀመሪያዎቹን ፓነሎች መግጠም እንደ ጀመርን አንዱ ጥግ አልገጥም አለ። ሁለት ፓነሎች ግራና ቀኝ ሆነው እንደ እጅ መዳፍ ፊት ለፊት መተያየት ሲገባቸው፣ ሁለቱንም የቀኝ አድርገን ሠርተናቸዋል። እንደዚያው ብንገጥማቸው ሽፋኑ ተገልብጦ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይጠራል። በዚያ ላይ ደመናው ከኮረብታው ጀርባ መምጣት ጀመረ። ከተሰበሰቡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ከመጀመሪያውም ነገሩን ያላመኑበት፣ ዘንጋቸውን ተደግፈው «ይኸው። ቤት በቦታው ነው የሚወለድ» አሉ። እርስ በርሳችን ተያየን፤ የማን ስህተት እንደሆነ ሁላችንም ማወቅ ፈልገን ነበር።

መምህርት ጥሩወርቅ አልጠየቁም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ድንቻቸውን አወጡና ደመናውን እያዩ ላጡ። ልጠው ሲጨርሱ ሳይበሉት ለእማማ ደብሬ የልጅ ልጅ ሰጧትና ተነሡ።

«ግድግዳውን ተዉት። ጣሪያው ይቅደም።»

«ቲቸር፣ ግድግዳው ሳይቆም?» አለ አንዱ።

«ጣሪያውን የሚሸከመው ምሰሶው ነው፤ ግድግዳው አይደለም። ቆርቆሮውን አልብሱት። ከጣሪያ ሥር ያለ ስህተት አያስቸኩልም።»

ጣሪያው ላይ ወጣን። የመጨረሻውን ቆርቆሮ ስንመታ ዝናቡ ጀመረን። ሁሉም ሰው፣ እኛም፣ መንደርተኛውም፣ ሽማግሌውም፣ ግድግዳ የሌለው ቤት ውስጥ ተጠጋግተን ቆምን። እዚያው መሀል መሬት ላይ የተሳሳተውን ፓነል አጋድመን ፈታነው። መምህርት ጥሩወርቅ የቱን አውጥተን የቱን ወዲያ ማዞር እንዳለብን በጣታቸው እያሳዩን፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ ይመሩናል። መጋዙን የያዘውን ልጅ እንጨቱ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረው ሽማግሌው ዘንጋቸውን ለሰው ሰጥተው ጎንበስ አሉና እንጨቱን ያዙለት። «አጥብቀህ ሳብ» አሉት። ከዚያ በኋላ የቆመ ሰው አልነበረም፤ የሚያቀብለው ያቀብላል፣ የሚደግፈው ይደግፋል።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት የመጨረሻው ፓነል ገባ፤ በሩ ተሰቀለ። እማማ ደብሬ ገብተው ግድግዳውን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ፤ በረንዳው ላይ ወጥተው ወደ ኮረብታው ዞሩ፤ ተሳለሙ። ከዚያ መምህርት ጥሩወርቅን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ግንባራቸውን ሳሙና በአዊኛ በጆሯቸው ተናገሯቸው። ስንመለስ ምን እንዳሏቸው ጠየቅናቸው። አልነገሩንም። መኪናው መስኮት ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው እስከ እንጅባራ መንገዱን አዩ።

ከዚያ በኋላ የተሠሩት ብዙ ናቸው። አዘና አካባቢ የቆመ አለ፤ እንጅባራ ዙሪያም አለ። ብዙዎቹን የሠሯቸው የሳቸው ተማሪዎች ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ግን እየቀጠኑ መጡ። ሕመሙ ጉበታቸው ላይ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማነው። መቆም ሲያቅታቸው ተቀምጠው አስተማሩ፤ መቀመጥ ሲያቅታቸው ፋንታዬ ክፍሉን ተረከበች። ልጃቸው ባሕር ዳር ልትወስዳቸው ብትለምናቸው ታከሙና ተመልሰው የካርቶን ቤታቸው ገቡ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ባለፈው ሐምሌ ነው። ልጠይቃቸው ከዳንግላ ሄድኩ። ኮታቸው ሰፍቷቸዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነበር። የማሠራውን ቤት አንድ በአንድ ጠየቁኝ፤ አንዱን መስኮት አልወደዱልኝም። ከዚያ «ግምጃ ቤት ውሰደኝ» አሉ።

«በዚህ ዝናብ?»

«በፀሐይማ ምን አያለሁ?»

ልታስታምማቸው ከባሕር ዳር የመጣችውን ልጃቸውን በዓይኔ ጠየቅኳት፤ እሷም አንገቷን አቀርቅራ ጋቢ አመጣችላቸው። ባጃጅ ኮንትራት ይዘን፣ በጋቢ ጠቅልለናቸው፣ ቀስ እያልን ሄድን። ባለ ባጃጁ መንገዱን አይቶ ከተነጋገርነው ሩቅ ነው እያለ ሲያጉረመርም ነበር። መንደሩ ስንደርስ ደግፌ አስገባኋቸው።

እማማ ደብሬ በጣም አርጅተዋል፤ ግን ወዲያው አወቋቸው። መደቡ ላይ አስቀመጧቸው፤ ወተት አሙቀው ሰጧቸው። መምህርት ጥሩወርቅ ጥቂት ተጎንጭተው አስቀመጡትና ወደ በሩ በኩል ወዳለው ግድግዳ አመለከቱኝ። ዝናቡ ፊት ለፊት የሚመታው እዚያ ነው።

«ጀርባውን ዳስሰው» አሉኝ።

ተንበርክኬ እጄን ከመገጣጠሚያው ሥር አስገባሁ። ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት።

«ደረቅ ነው፣ ቲቸር።»

«በሩስ?»

«በሩም ደረቅ ነው።»

«ታችኛውን ጥግ እየው። መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።»

አየሁት። «ደህና ነው» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቁኝም። እማማ ደብሬ ጎናቸው ተቀምጠው በአዊኛ ቀስ እያሉ ያወሩላቸዋል፤ ስለ ላሚቱ ይሁን ስለ ልጆቹ አላወቅኩም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ጠነከረ። ትንሽ ቆይቼ ዘወር ስል መምህርት ጥሩወርቅ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልጃቸው በኋላ እንደነገረችኝ ከሕመሙ የተነሣ እንዲህ ያለ እንቅልፍ ካጡ ብዙ ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

ባለ ባጃጁ በሩ ላይ መጣ። «መሸብኝ እኮ፤ መንገዱ ሊዘጋ ነው» ማለት ጀምሮ ነበር። እማማ ደብሬ እጃቸውን አነሡበትና «ተዋት ትተኛ» አሉት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ባለ ባጃጁ ወደ ውስጥ አየ። ያንን የተሸበሸበ ፊት፣ ጋቢ ውስጥ የተጠቀለለውን ትንሽ ሰውነት ለጥቂት ጊዜ አየው። ከዚያ የጨቀየ ጫማውን በረንዳው ላይ አውልቆ በእግሩ ጣት እየረገጠ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ።